የማኒ ሃይማኖት ከግሪክ ፍልስፍናና ከቡድሃ ትምህርት ጋር ያደረገው ግንኙነት

የሃይማኖት መሥራቾች ከተባሉት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ትምህርታቸውን በቃል ሰጥተው አለፉ እንጂ በገዛ እጃቸው የጻፉት መጽሐፍ የለም። በ3ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የተነሣው ማኒ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ይቈጥረው ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት መምህራን ራሳቸው ስላልጻፉ ከሞታቸው በኋላ ተከታዮቻቸው ትምህርታቸውን አበላሹት ይላል። ሌላም ጉድለት አገኘባቸው፤ ይኸውም የእያንዳንዳቸው ትምህርት በአንድ አገርና በአንድ ቋንቋ ተወስኖ መቅረቱ ነው። እንደ ማኒ አሳብ ሰማያዊው መልእክት በቡድሃ እጅ ወደ ህንድ፥ በዛራቱስትራ እጅ ወደ ፋርስ፥ በኢየሱስ እጅ ወደ ምዕራብ ደርሶ ነበር፤ በመጨረሻም በእርሱ በማኒ እጅ ወደ ባቢሎን መጣ። ይህ ቃል ማኒ ለፋርስ ንጉሥ ለቀዳማዊ ሻፑር ባበረከተው «ሻቡህራጋን» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ነበረ አል ቢሩኒ በ1000 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የዘመን አቈጣጠር መጽሐፉ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ የማኒ ሃይማኖት ከመነሻው ወደ ቋንቋ ሁሉ ሊተረጐም ታስቦ የተሠራ ነው። ደቀ መዛሙርቱ በደረሱበት አገር ሁሉ የአገሩን ቃል፥ የአገሩንም የአማልክት ስም እንዲጠቀሙ ታዘዋል። በምዕራብ የግሪክን ፍልስፍና፥ በምሥራቅ የቡድሃን ትምህርት ያገኙትም እንዲህ ባለ አኳኋን ነው። ሁለቱ ግንኙነቶች ብዙ ጊዜ በአንድነት ይጠራሉ፤ ዳሩ ግን ፍጻሜያቸው አንድ አይደለም። የልዩነቱም ምክንያት የማኒ ሃይማኖት ምን ዐይነት ነገር እንደ ነበረ ከማናቸውም ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ማኒ ዓለምን ምን ያህል አስፍቶ ይመለከት እንደ ነበር «ከፋላያ»፥ ማለት «አርእስት» ከተባለው የቅብጥ መጽሐፍ ይታወቃል። በዚህ መጽሐፍ ማኒ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አራት ናቸው ብሎ የባቢሎንንና የፋርስን፥ የሮማውያንን፥ የአክሱማውያንን፥ አራተኛም ሲሊስ የሚባለውን ይቈጥራል። አክሱም ከባቢሎን ሆኖ ሲታይ ከሮም ቀጥሎ የሚጠራ ኃይል እንደ ነበረ ከሚመሰክሩት የውጭ አገር ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው።

እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ስለ ማኒ የሚታወቀው ይበልጡን ጠላቶቹ ከጻፉት ነበር። ከ1902 እስከ 1914 ዓ.ም. የጀርመን ተመራማሪዎች በመካከለኛው እስያ በቱርፋን አካባቢ ባደረጉት ፍለጋ የሃይማኖቱን የራሱን መጻሕፍት ቁርጥራጭ አገኙ፤ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በግብጽ በፋዩም፥ መዲነት ማዲ በተባለው ስፍራ የቅብጥ መጻሕፍት ተገኙ። ከእነዚህ መካከል ከፊሉን በ1934 ዓ.ም. ያሳተመው ፖሎትስኪ የተባለው ሊቅ ኋላ በኢየሩሳሌም ተቀምጦ ስለ ጉራጊኛ ሰዋስው በ1951 ዓ.ም. የጻፈው ያው ሰው ነው። በኮሎኝ ከተማ የሚገኘው፥ ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠው የግሪክ ብራና መጽሐፍ በ1969 ዓ.ም. በጥንቃቄ ተከፍቶ በተነበበ ጊዜም የማኒ የልጅነት ታሪክ በራሱ ወገኖች አፍ ተገለጠ።

ማኒ በ216 ዓ.ም. በደቡብ ባቢሎን ተወለደ። አባቱ ፓቲክ ሥጋና ወይን የማይቀምስ፥ ዘወትር በውኃ የሚነጻ አንድ የአጥማቂዎች ማኅበር አባል ስለ ነበረ ልጁም በዚያው ማኅበር አደገ። የኮሎኙ መጽሐፍ እንደሚተርከው በ12 ዓመቱ፥ ሁለተኛም በ24 ዓመቱ «መንትያ» የሚለው ሰማያዊ አካል ተገለጠለትና ከማኅበሩ ወጣ። ወዲያው በባሕር ወደ ህንድ ምድር ተጓዘ፤ ሲመለስም ከሻፑር ፊት ቀርቦ ትምህርቱን ለመስበክ ፈቃድ አገኘ። በቀዳማዊ ባህራም ዘመን ግን የዛራቱስትራ ሃይማኖት ካህን ከርዲር በረታበትና ታስሮ በ277 ዓ.ም. ገደማ በቤተ ላፓጥ ወህኒ ቤት ሞተ። ከርዲር ራሱ በናቅሽ ሩስታም ባስቀረጸው ጽሑፍ ያሳደዳቸውን ሃይማኖቶች ሲዘረዝር አይሁድን፥ የቡድሃን መነኮሳት፥ ክርስቲያኖችንና የማኒን ወገኖች በአንድ መስመር ይጠራቸዋል።

የትምህርቱ መሠረት ሁለት ሥሮችና ሦስት ዘመናት ናቸው። በመጀመሪያው ዘመን ብርሃንና ጨለማ፥ አንዱ ከሌላው ሳይወለድ፥ ለየብቻቸው ነበሩ። በሁለተኛው ጨለማ በብርሃን ላይ ዘመተ፤ ቀዳማዊው ሰው ሊከላከል ወርዶ የለበሳቸው አምስቱ የብርሃን ባሕርያት በጨለማ ተዋጡ። ይህ የሚታየው ዓለም የተሠራው የተዋጠውን ብርሃን መልሶ ለማውጣት ነው፤ ፀሐይና ጨረቃም የተጣራውን ብርሃን ወደ ላይ የሚያሻግሩ መርከቦች ናቸው። በሦስተኛው ዘመን ሁለቱ ዳግመኛ ላይገናኙ ይለያያሉ። ምእመናኑም በሁለት ይከፈላሉ። ኅሩያን የሚባሉት አያገቡም፥ ሥጋና ወይን አይቀምሱም፥ እህልም አያጭዱም፥ ፍሬም አይቀጥፉም፤ በተክል ውስጥ ያለውን ብርሃን ያቈስላልና። ሰማዕያን የሚባሉት ግን በዓለም እየኖሩ ለኅሩያን ምግብ ያቀርባሉ፤ የኅሩያን ማዕድም ብርሃኑን ከፍሬው የሚያወጣ የቅዳሴ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ለማኒ ወገኖች ምሳሌ አልነበረም። ዓለም በእውነት እንዲህ የተሠራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ነው ከግሪኮች ጋር የተጋጩት።

የግሪክ አሳብ ለማኒ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አልነበረም። በኤዴሳ የኖረው ባርዳይሳን፥ በ222 ዓ.ም. የሞተው፥ ስለ ባሕርያትና ስለ ዕድል የተነሡትን የግሪክ ጥያቄዎች በሱርስት ቋንቋ አስተምሮ ነበርና። ማኒም ከመጻሕፍቱ አንዱን «ፕራግማቴያ» በሚል የግሪክ ስም ጠርቶታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፈላስፎች የግዙፍ ነገር ሁሉ መሠረት የሚሉትን «ሂዩሌ» የተባለውን ቃል ለጨለማ ኃይል ስም አድርጎ መውሰዱ ነው። ውዳሴ ማርያም በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ማኒን በነቀፈባቸው መጻሕፍቱ ይህን ባዕድ ቃል ለይቶ ያነሣል።

በ300 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብጽ በሊቆጶሊስ ከተማ፥ በዛሬው አስዩጥ፥ እስክንድር የተባለ የፕላቶን ትምህርት ተከታይ ነበረ። ፍልስፍና አብረውት ከሚማሩት መካከል አንዳንዶቹ በማኒ መልእክተኞች ተስበው ሲሄዱ ባየ ጊዜ የመቃወሚያ መጽሐፍ ጻፈ። ይህ መጽሐፍ ለክርስትና ብሎ የሚከራከር አይደለም፤ የጻፈው በፈላስፋነቱ ነውና ምስክርነቱ ልዩ ዋጋ አለው። የእስክንድር የመጀመሪያ ጥያቄ ስለዚያው ስለ ሂዩሌ ነው። በፕላቶን ዘንድ ሂዩሌ መልክ ሁሉ የሚታተምበት፥ ራሱ ግን መልክ የሌለው ነገር ነው፤ በአርስጣጣሊስም ዘንድ ከመልክ ጋር የሚጓደን መነሻ ነው። ማኒ ግን ሥርዓት የሌለው ንቅናቄ ነው ይለዋል። ንቅናቄ የሚንቀሳቀስ ነገር ሳይኖር እንዴት ብቻውን ይቆማል? የሚንቀሳቀሰውስ ምንድር ነው? እስክንድር እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ባንድ ያነሣል፤ በሌላውም ወገን ካለው ትምህርት መልስ አያገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማኒ ቃሉን ወሰደ እንጂ ቃሉ የተወለደበትን ጥያቄ አልወሰደም። ለእርሱ ሂዩሌ የሚመኝ፥ የሚቈጣ፥ የሚዘምት ጠላት ነው። የተበደረው ስም ግን ከነባለቤቶቹ ጋር ወደ ሸንጎ አቀረበው።

ሁለተኛው የግሪኮች ጥያቄ ስለ ሰማይ ነው። የማኒ ትምህርት ጨረቃ የምትሞላው የነፍሳትን ብርሃን በምትጭንበት ጊዜ፥ የምትጐድለውም ለፀሐይ በምታስረክብበት ጊዜ ነው ይላል። የፀሐይንና የጨረቃን መጨለም አስቀድሞ በስሌት መንገር በሚቻልበት በግሪክ ትምህርት ቤት ይህ ሊያልፍ የሚችል ቃል አልነበረም። አውግስጢኖስም በሰሜን አፍሪካ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሰማዒ ሆኖ ከኖረ በኋላ ልቡን መጀመሪያ ያናወጠው ይኸው ነው፤ የከዋክብት ሊቃውንት ያሰሉት ሲፈጸም ያያል፥ የማኒ መጻሕፍት ግን ምክንያቱን አያስረዱትም። ጥያቄውን ሁሉ ይፈታልሃል የተባለው ጳጳስ ፋውስጦስ በ383 ዓ.ም. ካርታጎ በመጣ ጊዜ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ነገር ግን አላውቅም ብሎ በግልጽ ነገረው። አውግስጢኖስ ቅንነቱን አመስግኗል፤ በሃይማኖቱ ላይ የነበረው ተስፋ ግን በዚያው ተቈረጠ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የጠለቀ ነው። የአውግስጢኖስ ወዳጅ ነብሪዲዎስ ሲጠይቅ፥ ብርሃናዊው አምላክ ሊዋጋ ባይፈቅድ ኖሮ ጨለማው ምን ሊያደርገው ይችል ነበር? ይላል። ሊጐዳው ይችል ነበር ከተባለ አምላክ የሚጐዳ ሆነ፤ ሊጐዳው አይችልም ነበር ከተባለም ጦርነቱና የብርሃኑ መዋጥ ያለ ምክንያት ሆነ። አውግስጢኖስ በ386 ዓ.ም. በሚላኖ የፕላቶናውያንን መጻሕፍት በላቲን ትርጉም ባነበበ ጊዜ ክፋት ሥር ያለው ባሕርይ ሳይሆን የበጎ ነገር ጉድለት ነው የሚለውን አሳብ አገኘና ከማኒ ትምህርት ፈጽሞ የሚወጣበት በር ተከፈተለት። የክፋትን ነገር የሚያስረዳው የምዕራብ ክርስቲያኖች ትምህርት መልኩን የያዘው ከዚህ ክርክር ነው።

የማኒ ወገኖች አንድ መውጫ ነበራቸው። ግሪኮች የሆሜርን ተረት እንደ ምስጢር ሲተረጉሙ ብዙ ዘመን ኖረዋልና የማኒንም ታሪክ እንዲሁ ለመተርጐም ዝግጁ ነበሩ። ሲምፕሊቅዮስ የተባለው ፈላስፋ በ6ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፥ እነዚህ ሰዎች የሚናገሩትን ነገር ምስጢር አለው ብሎ መተርጐም አይፈቅዱም፥ ሁሉን እንደ ቃሉ እውነት ነው ይላሉ ብሎ ይወቅሳቸዋል። ወቀሳው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ የማኒ ሰዎች ሞኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ብርሃኑ በሐብሐቡ ውስጥ በእውነት ከሌለ የኅሩያን ጾምና ማዕድ ባዶ ሥርዓት ሆኖ ይቀራልና፥ ተረቱን ምሳሌ ነው ማለት ለእነርሱ ሃይማኖቱን ማፍረስ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የመንግሥት ሰይፍ መጣ። የሰማዕታት ዘመን የሚቈጠርበት ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ከመነሣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ302 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ባወጣው ዐዋጅ የማኒ ሃይማኖት ከጠላት አገር ከፋርስ የመጣ መርዝ ነው ብሎ መሪዎቹ ከነመጻሕፍቶቻቸው በእሳት እንዲቃጠሉ አዘዘ። በኋላ የነገሡት የክርስቲያን ነገሥታትም ስደቱን ስለ ቀጠሉ ሃይማኖቱ ቀስ በቀስ ከሮም ግዛት ጠፋ።

ወደ ምሥራቅ የሄደው መልእክተኛ ማር አሞ ይባላል። ማኒ እርሱን የመረጠው የጳርቴን ቋንቋና ጽሕፈት ስለሚያውቅ ነው። የማኒ ወገኖች ታሪክ እንደሚያወራው ማር አሞ የኩሻን ድንበር በደረሰ ጊዜ ባጋርድ የምትባል የድንበሩ ጠባቂ መንፈስ አቁማ ማንነቱንና የመጣበትን ነገር ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ የቡድሃ ገዳማት የመሉበት አገር ነበር። ማኒ ራሱም አስቀድሞ በቱራን ሲሰብክ የአገሩ ንጉሥ እንደ ቡድሃ አድርጎ ተቀበለው ይባላል።

በዚህ ስፍራ የተደረገው ግንኙነት በምዕራብ ከሆነው ጋር አይመሳሰልም። በጳርቴ ቋንቋ በተጻፉት መዝሙሮች የማኒ ሞት «ፓርኒብራን» ይባላል፤ ይህም የቡድሃ መነኮሳት የመምህራቸውን የመጨረሻ ዕረፍት የሚጠሩበት ቃል ነው። የኅሩያንና የሰማዕያን አከፋፈል በቡድሃ ሃይማኖት ካለው የመነኮሳትና የመጋቢ ምእመናን ሥርዓት ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ማኒ ይህን በህንድ ሳለ አይቶ ወሰደው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የአጥማቂዎቹ ማኅበር ራሱ ብዙውን ሊያስረዳ ስለሚችል ሁሉን ከህንድ ማምጣት አያስፈልግም፤ የገዳሙ ሕይወት ግን በእርግጥ በምሥራቅ ለመለመ። በሮም ከተማ አንድ ባለጠጋ ሰማዒ ኅሩያንን በቤቱ ሰብስቦ በሥርዓት ሊያኖራቸው ቢሞክር እርስ በርሳቸው ተጣልተው እንደ ተበተኑ አውግስጢኖስ ይተርካል፤ በመካከለኛው እስያ ግን የማኒ ገዳማት መሬትና አገልጋይ ያላቸው ትልልቅ ቤቶች ሆኑ።

አንድ ትምህርት በሁለቱ ዓለማት መካከል እንዴት እንደ ተጓዘ ለማየት የነፍስን አምስት ሕዋሳት መከተል ይበቃል። ማኒ በሱርስት ያስተማራቸው እነዚህ አምስት ሕዋሳት በግሪክና በቅብጥ መጻሕፍት «ኑስ» ከሚለው ይጀምራሉ፤ ትርጓሜያቸውም ልቡና፥ ማስተዋል፥ ጥበብ፥ ማሰላሰልና አሳብ እንደ ማለት ነው። ስሞቹ የግሪክን ትምህርት ቤት ያስታውሳሉ። ይኸው ዝርዝር በጳርቴ ቋንቋ ተተርጕሞ፥ ከጳርቴም ወደ ቻይና ቋንቋ ተሻግሮ፥ ሻቫንና ፔልዮ በ1911 ዓ.ም. ባሳተሙት ድርሳን ውስጥ ይገኛል። ተርጓሚው ከቻይና ቃላት የመረጠው የቡድሃ መነኮሳት ስለ ልብና ስለ ተመስጦ ሲያስተምሩ የሚናገሩባቸውን ነው። ይህን ያነበበ ቻይናዊ ከግሪክ አገር አንዳች ነገር እንደ ደረሰው ከቶ ሊጠረጥር አይችልም ነበር። ቍጥሩና ተራው ግን አልተናወጠም።

በቻይና ቋንቋ የተጻፉት መዝሙሮች ከዚህም ያልፋሉ። ኢየሱስ «ኢየሱስ ቡድሃ» ተብሎ ይመሰገናል፤ በግዙፉ ዓለም የታሰረው ብርሃንም «የቡድሃ ባሕርይ» ይባላል። ይህ ስያሜ በቃል የተጠጋውን ያህል በአሳብ የራቀ ነው። ቡድሃ እንዳስተማረው ማናቸውም ነገር በሌላ ነገር ምክንያት የሚገኝ፥ ምክንያቱ ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ነው፤ ጸንቶ የሚኖር የነፍስ ባሕርይም የለም። ማኒ እንዳስተማረው ግን ነፍስ የአምላክ ቁራጭ ናት፤ ትጠፋለች፥ ትታሰራለች፥ ትቈስላለች እንጂ ባሕርይዋ አይለወጥም። መከራም ለቡድሃ ከምኞትና ካለማወቅ የሚወለድ ሲሆን ለማኒ ከውጭ የዘመተ ጠላት ሥራ ነው። እነዚህን ሁለት ትምህርቶች የሚያራርቀው ገደል ማኒን ከፕላቶን ከሚያራርቀው የሚያንስ አይደለም። ታዲያ በምዕራብ የሆነው ክርክር በምሥራቅ ስለ ምን አልሆነም? የማኒ መልእክተኞች ከቡድሃ መነኮሳት ጋር የተገናኙት በትምህርት ቤት ሳይሆን በንግድ መንገድ፥ በምጽዋት ቤትና በነገሥታት አደባባይ ነው። በዚያ የሚታየው ነገር ሥርዓት ነው፤ በሥርዓትም ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ድንግልናን፥ ሥጋ አለመብላትን፥ ሕያዋንን አለመጉዳትንና መጽሐፍን በውበት መጻፍን ያከብራሉ።

መመሳሰሉን የተቃወመ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሹዋንጾንግ በ731 ዓ.ም. የማኒ ሰዎች ትምህርታቸውን በአጭሩ ጽፈው እንዲያቀርቡ አዘዘ። ያቀረቡት መጽሐፍ ማኒን «የብርሃን ቡድሃ» ይለዋል። ባለ ዐዋጁ ግን አልተታለለም፤ በ732 ዓ.ም. ይህ ትምህርት በቡድሃ ስም ሕዝብን የሚያስት ነው ተብሎ ለቻይናውያን ተከለከለ፥ ከምዕራብ ለመጡት ባዕዳን ግን የአባቶቻቸው ሃይማኖት ነውና ተፈቀደላቸው። በ762 ዓ.ም. የኡይጉሮች ንጉሥ ቦጉ ካን በሉዮያንግ ከማኒ ካህናት ጋር ተገናኝቶ ሃይማኖታቸውን ተቀበለና የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረገው። በታሪክ የማኒን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገ ኃይል ይህ ብቻ ነው። የኡይጉሮች መንግሥት በ840 ዓ.ም. ፈርሶ ከፊሎቹ ወደ ቱርፋን ሲወርዱ ሃይማኖታቸውን ይዘው ሄዱ፤ በ1000 ዓ.ም. ገደማ ግን መኳንንቱ ወደ ቡድሃ ሃይማኖት አዘነበሉ። በበዘክሊክ በሚገኝ አንድ ዋሻ የማኒ ወገኖች የሣሉት ባለ ሦስት ግንድ ዛፍ አለ፤ ከፊቱ አዲስ ግድግዳ ተሠርቶ የቡድሃ ሥዕል ተሥሎበት ነበር።

ከዚሁ ከቱርፋን የተገኘ አንድ ነገር ለኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስለሚነካ ሊታለፍ አይገባም። በማኒ ፊደል ከተጻፉት ቍርጥራጮች መካከል የቢላውሃርና የቡዳሳፍ ታሪክ በፋርስ ግጥም ይገኛል። ይህ ታሪክ ቡድሃ ገና የንጉሥ ልጅ ሳለ ስለ መመነኑ የሚነገረው ነው፤ «ቡዳሳፍ» የሚለውም ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የመጣ ነው። ታሪኩ ከዐረብኛ ወደ ጆርጅያ፥ ከዚያም ወደ ግሪክ ቋንቋ ሲሻገር ክርስቲያናዊ መልክ ያዘ፤ በ1553 ዓ.ም. እጨጌ ዕንባቆም ለዐፄ ገላውዴዎስ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውት «ባራላም ወይዋስፍ» ተባለ። ታሪኩ ከህንድ ወደ ምዕራብ ሲሻገር የማኒ ወገኖች እጅ አለበት የሚለው የብዙ ሊቃውንት አሳብ በእነዚህ ቍርጥራጮች የተደገፈ ነው።

በቻይና የታንግ መንግሥት በ843 ዓ.ም. በማኒ ቤተ መቅደሶች ላይ ስደት ካስነሣ በኋላ ሃይማኖቱ ወደ ደቡብ ጠረፍ ሸሽቶ በፉጅየን ገበሬዎችና ነጋዴዎች መካከል ብዙ ዘመን ኖረ። በጂንጅያንግ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ጻኦአን የምትባል ትንሽ ቤተ መቅደስ አለች። በውስጧ በ1339 ዓ.ም. ከአለት የተቀረጸ የማኒ ምስል ተቀምጧል፤ ጢሙ ረጅም ነው፥ ከጀርባው የብርሃን ጨረር ይፈልቃል። በአጠገቡ በ1445 ዓ.ም. በድንጋይ ላይ የተጻፈ ቃል ምእመናን ንጽሕናን፥ ብርሃንን፥ ኃይልንና ጥበብን የብርሃን ቡድሃ ከሆነው ከማኒ ጋር እንዲያስቡ ያዝዝ ነበር። እነዚህ አራቱ በባቢሎን የታላቅነት አባት የሚባለው አምላክ አራት መልኮች ናቸው፤ ከማኒ ሞት በኋላ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ዓመት በላይ አልፎ አንዱም አልጐደለም። ዛሬ በዚያ ቤተ መቅደስ ዕጣን የሚያጥኑት የአካባቢው ሰዎች የሚሰግዱለትን ቡድሃ ይሉታል።